ስለ ሽቬይክና ስለ ፈጣሪው ሃሼክ የሚነገሩ ስህተቶች

«ደጉ ወታደር ሽቬይክ» የቼክ ልቦለድ ነው። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነትና ስለ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሠራዊት እያሳቀ ይተርካል። የጻፈው ያሮስላቭ ሃሼክ ነው። በጣም የምወደው መጽሐፍ ስለሆነ ስሙ ሲነሳ አብረው የሚመጡትን ስህተቶች ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

«ሽቬይክ ቂል ነው»

እርግጥ ነው፣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ የሐኪሞች ቦርድ ቂል ነው ብሎ ከሠራዊት እንዳሰናበተው ተጽፏል። ግን ጦርነቱ ፈንድቶ እንደገና ሲጠራ ምን እንዳደረገ እዩ። ቁርጥማት ይዞት መራመድ አልቻለም። ቤቱን የምታጸዳለት ሴትዮ ተሽከርካሪ ወንበር እንድታመጣለት አደረገና በፕራግ ጎዳና እየገፋችው ሄደ። ክራንቹን እያወዛወዘ «ወደ ቤልግሬድ!» (ወደ ጠላት አገር ሰርቢያ ዋና ከተማ) እያለ ይጮኻል። ጋዜጣ አርበኛ ብሎ አሞገሰው። የሠራዊቱ ሐኪሞች ግን የታመመ መስሎ ሊያታልለን ነው ብለው የሆድ ማጠቢያ አዘዙለት። እንግዲህ ቂሉ ማነው?

አንዳንዱ ደግሞ ሽቬይክ አውቆ የተኛ ነው ይላል። እኔ ግን ሃሼክ ሆን ብሎ ሳይነግረን የተወው ይመስለኛል። ሽቬይክ አለቆቹን አይቃወምም። የታዘዘውን ሁሉ ቃል በቃል ይፈጽማል፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም በዚሁ ነው።

«ሃሼክ ጦርነቱን ከመጠጥ ቤት ሆኖ ነው የጻፈው»

መጠጥ ይወድ ነበር፤ ይህ አይካድም። ግን እ.ኤ.አ. በ1915 በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሠራዊት 91ኛ እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ወታደር ሆኖ ጋሊሺያ (ዛሬ ፖላንድና ዩክሬን የሚጋሩት አካባቢ) ግንባር ዘምቷል። በዚያው ዓመት በሩሲያ ጦር ተማረከ። ከምርኮኞች ካምፕ ወጥቶ ከሩሲያ ጎን ወደተሰለፈው የበጎ ፈቃደኞች ጦር፣ የቼኮስሎቫክ ሌጌዎን ገባ። በ1918 ደግሞ ወደ ቦልሼቪኮች ቀይ ጦር ዞረ። ፕራግ የተመለሰው በ1920 መጨረሻ ነው። አንድ ሰው፣ ሦስት ሠራዊት!

በመጽሐፉ ያሉት የሽቬይክ አለቆች የመቶ አለቃ ሉካሽና ሻምበል ሳግነር ስማቸውን ያገኙት ሃሼክ ካገለገለበት ሬጅመንት እውነተኛ መኮንኖች ነው። ሽቬይክ የውሻ ነጋዴ መሆኑም ከሜዳ አልመጣም። ሃሼክ ከጦርነቱ በፊት የአንድ የእንስሳት መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በዓለም ላይ የሌሉ እንስሳትን እየፈጠረ ስለጻፈ ተባረረ። ከዚያ ራሱ ውሻ መሸጥ ጀመረ።

«ለሳቅ ብቻ የተጻፈ ነው»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። የመጠጥ ቤቱን ትዕይንት ውሰዱ። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ ተገድሏል። ብሬትሽናይደር የሚባል ሰላይ ባለመጠጥ ቤቱን ፓሊቬችን ሊያናግረው ይሞክራል። ግድግዳው ላይ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል የት ገባ ይለዋል። ፓሊቬች ዝንብ ስላራበት ጣሪያ ሥር አስቀመጥኩት ይላል። በዚች ንግግር ታሰረ፤ አሥር ዓመት ተፈረደበት። ስናነብ እንስቃለን። ግን ፓሊቬች ሚስት ነበረችው፤ ስትሰናበተው እያለቀሰች ነው። ዝንብና እስር ቤት አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ያ መንግሥት ምን ዓይነት እንደነበር ይገባችኋል።

«ሽቬይክ ድብልብል ወፍራም ነው»

ይህ መልክ በብዛት የመጣው ከሠዓሊው ከዮሴፍ ላዳ ነው። የታወቁትን ሥዕሎቹን የሠራው ደግሞ ሃሼክ ከሞተ በኋላ ነው። መጽሐፉ አብዝቶ የሚያነሳው ገራገር ፊቱን ነው።

«ሽቬይክ ግንባር ላይ ይዋጋል፤ ታሪኩም ያልቃል»

አይዋጋም። መንገድ ይጠፋዋል፣ ይታሰራል፣ ባቡር ያመልጠዋል። አንድ ኩሬ ዳር የሩሲያ ወታደር ልብስ አግኝቶ ሲለካው የራሱ ወገን ማረከው! ሃሼክ ስድስት ክፍል ሊጽፍ አስቦ ሦስቱን ብቻ ጨረሰ። አራተኛውን ሊፕኒትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ታሞ፣ ለጸሐፊ እየተናገረ ሲያስጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1923 በ39 ዓመቱ አረፈ። ካሬል ቫኔክ የሚባል ሌላ ጸሐፊ ታሪኩን ቀጠለው። በሃሼክ ቃል ግን ሽቬይክ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ቀረ።