የስኳር ሕመም የዓይን ጉዳትን በቴሌሜዲስን መለየት

የስኳር ሕመም ዓይንን መጉዳት ሲጀምር አያምም፣ እይታንም አያደበዝዝም። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር የሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን) ቀጫጭን የደም ሥሮች ለዓመታት ያዳክማል፤ ሥሮቹ ያብጣሉ፣ ያፈሳሉ፣ ይደፈናሉ። ሲብስ በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ። ታማሚው «ዓይኔ ደህና ነው» እያለ ጉዳቱ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓይነት 2 ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ዓይኑን መመርመር መጀመር አለበት፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ይታያል።

ይህን ሁሉ ሰው የዓይን ስፔሻሊስት በአካል ልይ ቢል አይችልም። ቴሌሜዲስን፣ ማለትም ከርቀት የሚሰጥ ሕክምና፣ የሬቲና ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ታማሚው ለስኳሩ ክትትል ወደሚሄድበት ክሊኒክ ያመጣል። ታካሚው ደብዘዝ ባለ ክፍል ተቀምጦ አገጩን ያስደግፋል፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም ቴክኒሻን ለእያንዳንዱ ዓይን ብዙ ጊዜ ሁለት ፎቶ ያነሳል፤ አንዱ ማኩላን (ጥርት ላለ እይታ የሚያገለግለውን የሬቲና መሃል)፣ ሌላው የዓይን ነርቭን መሃል አድርጎ። ብሌኑ ከጠበበ ማስፊያ ጠብታ ይደረጋል፤ ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ታካሚው መኪና ነድቶ መመለስ የለበትም። ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ ያለ ባለሙያ አይቶ የጉዳቱን ደረጃ ይወስናል። ከሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ውስጥ፣ ፎቶውን ሐኪም ሳያነበው ውጤት የሚሰጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓትም ተፈቅዷል።

እንግሊዝ በዲጂታል ፎቶ የሚሠራውን አገር አቀፍ ምርመራ የጀመረችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 የታተመ ጥናት፣ በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ከስኳር ሕመም የሚመጣው የዓይን ጉዳት ቢያንስ በ50 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ቀዳሚ መሆኑ መቅረቱን አሳይቷል። የጥናቱ ጸሐፊዎች ለለውጡ ምርመራውንና የተሻሻለውን የስኳር ቁጥጥር በምክንያትነት ጠቅሰዋል።

ፎቶው ግን ሁሉን አያሳይም። የማኩላ እብጠትን በትክክል ለመለካት ኦሲቲ የተባለው፣ የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ፎቶ ብዙ ጊዜ ደብዝዞ ይወጣል፤ የማይነበብ ፎቶ ደግሞ «ጤነኛ» ተብሎ መመዝገብ የለበትም፣ ሰውየው ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ከውጤቱ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ጉዳት የተገኘበት ሰው ሌዘር ወይም የዓይን መርፌ በጊዜው ካላገኘ ፎቶው ምንም አላደረገለትም። ስለዚህ ምርመራ የሚጀምር ተቋም ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ታማሚውን የሚቀበለው የትኛው ሐኪም ቤት እንደሆነ፣ ቀጠሮውን ማን እንደሚይዝ፣ የቀረውንም ማን ደውሎ እንደሚፈልግ መወሰን ይኖርበታል።