በእንግሊዝ አገር ሕክምና ለመማር፦ የኤ-ሌቨል ትምህርት ምርጫ፣ የፈተና ወቅትና ድጋሚ ፈተና

ኤ-ሌቨል በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት፣ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ዓመታቸው፣ የሚማሩትና የሚፈተኑት የትምህርት ደረጃ ነው። የተጀመረው በ1951 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስኮትላንድ ሃየር እና አድቫንስድ ሃየር የሚባሉ የራሷ ፈተናዎች አሏት። ሕክምና ለመማር የሚያመለክት ልጅ የሚመዘነው ባመጣው ነጥብ ብቻ አይደለም። የትኞቹን ትምህርቶች እንደመረጠ፣ መቼ እንደተፈተነና ስንት ጊዜ እንደተፈተነም ይታያል። ጥሩ ውጤት ያለው ተማሪ ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ማመልከቻው ገና ከመነሻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩ በይር 13 (በኤ-ሌቨል የመጨረሻው የትምህርት ዓመት) መጨረሻ ሳይሆን በይር 11፣ ልጁ ገና 15 ወይም 16 ዓመቱ ሳለ መታወቅ ያለበት ነው።

በአገር ቤት የ12ኛ ክፍል ሥርዓት ላደገ ወላጅ ይህ ቶሎ አይገባም። በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን አንድ ላይ ይዞ ይፈተናል፤ ምርጫው የዘርፍ ምርጫ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ተማሪው ሦስት ትምህርት ብቻ ይመርጣል፣ አንዳንዱ አራት። የተተወው ትምህርት እዚያው ቀረ ማለት ነው።

የትምህርት ምርጫ

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ኬሚስትሪ ነው። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኬሚስትሪን በግዴታ ይጠይቃሉ፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ከፊሎቹ ባዮሎጂን፣ ሌሎቹ ከባዮሎጂ፣ ከፊዚክስና ከሒሳብ አንዱን ይላሉ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ከኬሚስትሪ ሌላ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን ሲጠይቁ፣ የለንደኖቹ ኢምፔሪያል ኮሌጅና ዩሲኤል (ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን) ኬሚስትሪንም ባዮሎጂንም አብረው ይፈልጋሉ። ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ አንዱ ይበቃቸዋል። ከዚህ የሚወጣው ስሌት ቀላል ነው፦ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የያዘ ተማሪ በሁሉም ማለት ይቻላል ማመልከት ይችላል፤ ኬሚስትሪን የተወ ግን ገና በ16 ዓመቱ አብዛኛውን በር በራሱ ላይ ዘግቷል። መስፈርቱ በየዓመቱ ሊቀየር ስለሚችል የየዩኒቨርሲቲውን የዚያን ዓመት ገጽ ማንበብ የግድ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ፈረንሳይኛ ሁሉም ይቆጠራሉ። ወላጆች «ዶክተር ለመሆን ፊዚክስ ግድ ነው» ብለው ልጃቸውን የማይወደው ትምህርት ውስጥ ሲያስገቡት አያለሁ፤ ይህ ልጁን ይጎዳዋል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በታሪክ የመጣን ኤ በፊዚክስ ከመጣ ቢ ይመርጣሉ። መጠንቀቅ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው፦ ብዙዎቹ ሒሳብንና ፈርዘር ማዝስ የሚባለውን ከፍ ያለ ሒሳብ እንደ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች አይቆጥሩም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የተማሪውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኤ-ሌቨል አይቀበሉም። ዓረብኛ ቤት ውስጥ እየሰማ ያደገ ልጅ በቀላሉ አገኘዋለሁ ብሎ ዓረብኛን ሦስተኛ ትምህርቱ ከማድረጉ በፊት ይህንን መጠየቅ አለበት።

አራተኛ ኤ-ሌቨል የሚጠይቅ የለም። ቅበላው የሚሰጠው በሦስት ነው፤ የተለመደው ጥያቄ ሦስት ኤ ሲሆን ኦክስፎርድና ዩሲኤል አንድ ኤ-ስታርና ሁለት ኤ፣ ካምብሪጅ ሁለት ኤ-ስታርና አንድ ኤ ይጠይቃሉ። ኤ-ስታር የሚባለው ከኤ በላይ ያለው ውጤት መሰጠት የጀመረው በ2010 ነው። ጊዜውን ለአራት ከፍሎ አራት ቢ የሚያመጣ ልጅ ሦስት ኤ ካመጣው ጋር ሊወዳደር አይችልም። ከኤ-ሌቨል በፊት የሚወሰደው ጂሲኤስኢም አይረሳም፤ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ ዝቅተኛ ወሰን የማያስቀምጥ የሕክምና ትምህርት ቤት ማግኘት ከባድ ነው።

ፈተናው ምን ይመስላል

ከ2000 እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ኤ-ሌቨል በሞጁል፣ ማለትም ለየብቻቸው በሚፈተኑ ክፍሎች፣ የተከፋፈለ ነበር። ተማሪው ጃንዋሪና ጁን ላይ እየተፈተነ፣ ያልሆነለትን ሞጁል ብቻ እየደገመ ነጥቡን ማሻሻል ይችል ነበር። በእንግሊዝ የመጨረሻው የጃንዋሪ ፈተና የተሰጠው በ2013 ነው። በ2015 የተጀመረውና በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑበት አዲሱ ሥርዓት የሁለቱን ዓመት ትምህርት በሙሉ በይር 13 መጨረሻ ላይ አከማቸው። ኤኤስ የሚባለው የመጀመሪያው ዓመት ፈተናም ከኤ-ሌቨሉ ውጤት ተነጠለ። ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ግን በክፍል የመፈተኑን ሥርዓት አላስቀሩትም፤ እዚያ ኤኤስ የኤ-ሌቨሉን 40 በመቶ ይይዛል፣ የወደቀውን ክፍል ለይቶ መድገምም ይቻላል። ከቀድሞ ተማሪ የሚሰማ ምክር አሁን ላይ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በ2008 የተፈተነ ታላቅ ወንድም «አንዷን ሞጁል ጃንዋሪ ላይ ትደግማታለህ» ቢል እንግሊዝ ላለው ታናሹ አይጠቅመውም።

ፈተናውን የሚያዘጋጁት ኤኪውኤ፣ ኦሲአር፣ ፒርሰን ኤድኤክሴልና ሌሎች ቦርዶች ናቸው፤ በእንግሊዝ የሚቆጣጠራቸው ኦፍኳል ይባላል። የኤኪውኤን ባዮሎጂ ለምሳሌ ብንወስድ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት የሚፈጁ ሦስት ወረቀቶች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ91 ነጥብ፣ ሦስተኛው ከ78 ነጥብ ይታረማሉ። በሦስተኛው ወረቀት መጨረሻ ከሁለት ርዕሶች አንዱ ተመርጦ የሚጻፍ 25 ነጥብ ያለው ድርሰት አለ። ተማሪው ከሁለቱ ዓመት ትምህርት የተለያዩ ቦታዎች ማስረጃ እየቃረመ አንድ ሐሳብ ላይ ማገናኘት ይጠበቅበታል። በቃል ማጥናት ብቻውን እዚህ አያዋጣም። የላብራቶሪው ሥራ ለብቻው «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ተብሎ በሰርተፍኬቱ ላይ የሚመዘገብ ነው፤ ከኤ-ሌቨሉ ውጤት ላይ አይደመርም፣ ነገር ግን በርካታ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማለፉን እንደ ግዴታ ያስቀምጣሉ።

የጊዜ ሰሌዳው

ለሕክምና ማመልከቻው የሚገባው ውጤት ሳይታወቅ ነው። የዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን የሚቀበለው ድርጅት) ቀነ ገደብ ለሌሎች ትምህርቶች ጃንዋሪ ላይ ሲሆን ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምና፣ ለእንስሳት ሕክምና፣ እንዲሁም ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ ኦክቶበር 15 (ጥቅምት 5 አካባቢ) ነው። ተማሪው ከአምስቱ ምርጫዎቹ ለሕክምና ሊያውል የሚችለው አራቱን ብቻ ነው፤ አምስተኛው ለሌላ ትምህርት፣ ብዙ ጊዜ ለባዮሜዲካል ሳይንስ ይውላል። በዚያን ጊዜ በእጁ ያለው ጂሲኤስኢውና መምህራኑ የገመቱለት ውጤት ነው። የግምት ውጤቱ የሚመነጨው በአብዛኛው ይር 12 መጨረሻ ላይ ከሚሰጠው የትምህርት ቤቱ ፈተና ስለሆነ፣ «ዘንድሮ ገና ነው» ተብሎ የሚታለፈው የመጀመሪያ ዓመት ትልቅ ክብደት አለው።

ከማመልከቻው በፊት ዩካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ ይሰጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሲሆን ነጥቡም የሚያገለግለው ለዚያው ዓመት ማመልከቻ ብቻ ነው። ከዚያ በፈረንጆች ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ቃለ መጠይቅ ይከተላል። የተሳካለት «ሦስት ኤ ካመጣህ ቦታው ያንተ ነው» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ቅበላ ይደርሰዋል። ኤ-ሌቨሉ ሜይና ጁን ላይ፣ ውጤቱ ደግሞ ኦገስት አጋማሽ ሐሙስ ቀን ይወጣል።

ለእኛ ቤተሰቦች ሁለት ቀኖችን ለይቶ መናገር ይጠቅማል። ቦርዶቹ ጁን መጨረሻ አካባቢ ለድንገተኛ ጉዳይ የሚያስቀምጡት መጠባበቂያ ቀን አለ፤ ፈተናዬን ጨርሻለሁ ያለ ተማሪም እስከዚያ ቀን ድረስ መገኘት አለበት። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ። የውጤቱ ቀን ደግሞ ፍልሰታ ውስጥ፣ ብዙዎች አገር ቤት በሚሆኑበት ጊዜ ይውላል። አንድ ነጥብ የጎደለበት ተማሪ ያን ቀን ማለዳ ራሱ ለዩኒቨርሲቲው መደወል አለበት፤ ወላጅ ስለ እሱ ቢደውል አያነጋግሩትም። ለጥቂት የጎደለበትን የሚቀበሉ አሉ፤ ወረቀቱ እንደገና እንዲታይ መጠየቅም ይቻላል፣ ቦታ ለሚጠብቅ ተማሪ ቅድሚያ የሚሰጠው መንገድም አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በቀናት ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት የገጠር ቤት ሆኖ መከታተል ያስቸግራል።

ድጋሚ ፈተና

በእንግሊዙ ሥርዓት ኤ-ሌቨልን መድገም ማለት የዚያን ትምህርት ወረቀቶች በሙሉ እንደገና መፈተን ማለት ነው፤ የሚሰጠውም ሜይና ጁን ላይ ብቻ ነው። የላብራቶሪው ማለፊያ ግን ከመጀመሪያው ዙር ይተላለፋል። ከሁለቱ የተሻለው ውጤት አይጠፋም፤ ሆኖም የመጀመሪያውን መደበቅ አይቻልም፣ የተሰጡ ውጤቶች ሁሉ በዩካስ ቅጽ ላይ መጻፍ አለባቸው።

ባዮሎጂና ሒሳብ ላይ ኤ፣ ኬሚስትሪ ላይ ቢ ያመጣች ተማሪ እናስብ። ኦገስት አጋማሽ ላይ ቦታዋን አጣች። በሚቀጥለው ዓመት ለመግባት ቀጣዩ ኦክቶበር 15 ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል። ያለፈው ዓመት የዩካት ነጥቧ ስለማያገለግል እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ ተመዝግባ፣ ተዘጋጅታ መፈተን አለባት፤ በሐዘኗ ላይ ሁለት ሳምንት ያባከነች ልጅ ጊዜው ያልፍባታል። ስለዚህ ውጤቷን የምትጠራጠር ተማሪ የዩካት ቀን ከውጤቱ በፊት ብትይዝ መልካም ነው። ከዚያ ለኬሚስትሪ አዲስ የግምት ውጤት የሚጽፍላት መምህር፣ የምትፈተንበትም ማዕከል ያስፈልጋታል። የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ካልመዘገባት እንደ ግል ተፈታኝ ከፍላ የምትመዘገብበት ማዕከል ትፈልጋለች፤ ለሜይና ጁኑ ፈተና የቦርዶቹ መደበኛ መመዝገቢያ ፌብሯሪ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል፣ ማዕከሎቹም ከዚያ ቀድመው ይዘጋሉ። ሜይና ጁን ትፈተናለች፣ ኦገስት ውጤቷን ታያለች፣ በመስከረም ትገባለች። በሌላ አነጋገር አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

ዋናው ጥያቄ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይቀበላታል የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ሕግ የለም። አንዳንዶቹ ድጋሚ ፈተናን ያለ ምንም ጥያቄ ይቀበላሉ። ሌሎች በመጀመሪያው ዙር ቢያንስ ይህን ያህል መምጣት አለበት የሚል ወለል ያስቀምጣሉ፤ ከፊሎቹ ለሚደግም ተማሪ አንድ ኤ-ስታር ይጨምሩበታል፤ ቀድሞ እነሱ ዘንድ አመልክቶ ቅበላ የነበረውን ብቻ የሚያዩም አሉ። ሦስቱም ውጤቶች በሁለት ዓመት ውስጥ በአንድ ዙር ካልመጡ አንቀበልም የሚሉ፣ ከባድ ሕመም ወይም የቤተሰብ ሞት የመሰለ የተመዘገበ ምክንያት ከሌለ የማያዩም አሉ። ስለዚህ የሚደግም ተማሪ አራቱን ምርጫዎቹን የሚመርጠው በዩኒቨርሲቲው ስም ሳይሆን በድጋሚ ፈተና ደንቡ መሆን አለበት። አራቱንም ደንባቸውን ሳያነቡ ለማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች አስገብቶ ያንን ዓመትም ማጣት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ የደንቡ ገጽ ለማንም ክፍት ነውና።

በፈተናው ወቅት ልጁ ቢታመም ወይም ቤት ሐዘን ቢገባ ለትምህርት ቤቱ ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ለቦርዱ ካስታወቀ ተጨማሪ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚጨመረው ቢበዛ 5 በመቶ ነው። የቤት ጉዳይን ለውጭ ሰው አለመናገር ልማዳችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን ዝምታው ልጁን ያስጎዳዋል። ዩኒቨርሲቲዎቹም በኋላ የሚጠይቁት በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ነው።

ከብሪታኒያ ውጭ የሚማሩ

በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በሌሎች የገልፍ ከተሞች በእንግሊዝ ሥርዓት የሚማሩ የሐበሻ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ዓለም አቀፉን ኤ-ሌቨል ነው። የፒርሰን ኤድኤክሴሉ ዛሬም በክፍል የተከፋፈለ ሲሆን ጃንዋሪ ላይም ይሰጣል፤ የካምብሪጅ ኢንተርናሽናሉ ከሜይና ጁን ሌላ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ለመድገም ዓመት መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል፤ የተደገመ ክፍልን እንዴት እንደሚያይ ግን ዩኒቨርሲቲውን ቀድሞ መጠየቅ ነው። የኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን በአብዛኞቹ የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ወደ ሕክምና አያስገባም። የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና ቦታዎችን ቁጥር ስለሚወስን ለውጭ ተማሪዎች የሚደርሰው ትንሽ ነው፣ ክፍያውም ከባድ ነው። የስደተኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ሰው ግን በእንግሊዝ እንደ አገሩ ተማሪ ይቆጠራል።

ሌሎች መግቢያዎች

ውጤታቸው ዝቅ ያለ፣ ነገር ግን ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ወይም ውጤቱ ደካማ ከሆነ ትምህርት ቤት ለመጡ ተማሪዎች አንድ ዓመት የተጨመረበት የስድስት ዓመት ትምህርት አለ። የኪንግስ ኮሌጅ ለንደንና የሳውዝሃምፕተን ፕሮግራሞች ይታወቃሉ። የሚጠይቁት ነጥብ ከመደበኛው ዝቅ ያለ ነው፣ መመዘኛውም የቤተሰብ ገቢን፣ የትምህርት ቤቱን ዓይነትና የመኖሪያ አካባቢን ያያል። በለንደን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ብዙ ልጆቻችን ይህን መስፈርት ያሟላሉ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች በመደበኛው ትምህርት ላይ የነጥብ ቅናሽ ያደርጋሉ። ከዚያ ሌላ አንድ ዲግሪ ጨርሶ በአራት ዓመት ሕክምናን መማር ይቻላል፤ ፉክክሩ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው፣ አንዳንዶቹ ጋምሳት የሚባል ፈተና ይጨምራሉ፣ የኤ-ሌቨል ውጤትንም መልሰው የሚያዩ አሉ። ከ18 ዓመታቸው በኋላ ወደ እንግሊዝ የመጡና ኤ-ሌቨል ያልወሰዱ ሰዎች አክሰስ የሚባለውን የአንድ ዓመት ኮርስ ወስደው ማመልከት ይችላሉ፤ ሁሉም የሕክምና ትምህርት ቤት ስለማይቀበለው፣ የሚቀበሉትም የትኛውን ኮርስ እንደሆነ በስም ስለሚጠቅሱ፣ ኮሌጁ ውስጥ ከመመዝገብ በፊት ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል።