የስንቅና ትጥቅ ጥያቄ ምንድን ነው?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 20ን ያውቀዋል። ዕቃ የሚፈልገው ሠራተኛ ይሞላዋል፤ ኃላፊው ይፈርምበታል፤ ግምጃ ቤቱ ዕቃው ካለው በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ያስረክባል። የጦር ሜዳው አሠራር በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚለየው ጠያቂው ምሽግ ውስጥ፣ መጋዘኑ ደግሞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መሆኑ ነው። ዕቃው ከዘገየም ሰው ይሞታል።

የስንቅና ትጥቅ ጥያቄ ማለት አንድ የጦር ክፍል በእጁ ያለውን ቆጥሮና የሚያስፈልገውን ገምቶ ለበላዩ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ከሻምበል ወደ ሻለቃ፣ ከሻለቃ ወደ ብርጌድ፣ ከብርጌድ ወደ ክፍለ ጦር ይወጣል። በየደረጃው ያለው ኃላፊ የበታቾቹን ጥያቄ ይደምራል፤ በእጁ ካለው ያድላል፤ የጎደለውን ወደ ላይ ያስተላልፋል። ዕቃው ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፦ ከወደብ ወደ ዋናው መጋዘን፣ ከዚያ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወታደሩ።

ሁሉም ነገር በጥያቄ አይመጣም። ቀለብ በሰው ቁጥር ስለሚሰላ ሳይጠየቅ ሊላክ ይችላል፤ ሰው በየቀኑ ይበላልና። ጥይት፣ ነዳጅና መለዋወጫ ግን እንደ ውጊያው ይለዋወጣሉ። አንድ መድፍ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይሰነብትና በአንድ ሌሊት የወር ድርሻውን ሊጨርስ ይችላል።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ጊዜ ነው። ዛሬ የጎደለውን ዛሬ የሚጠይቅ አዛዥ ዘግይቷል፤ ዕቃው የሚደርሰው ከነገ ወዲያ ነውና። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መስፈር ያለበት የዛሬው ጉድለት ሳይሆን ዕቃው በሚደርስበት ቀን የሚኖረው ጉድለት ነው። የሚገሰግስ ጦር ደግሞ ድርብ ችግር አለበት፦ ነዳጁን እየጨረሰ፣ በዚያው ልክ ከመጋዘኑ እየራቀ ይሄዳል።

በድሮው ዘመን አብዛኛው የእኛ ወታደር የሚጠይቀው መጋዘን አልነበረውም። ወደ ዓድዋ የዘመተው ሰው በሶውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወጣ፤ ያ ሲያልቅ የሚበላው ካረፈበት አገር ገበሬ ነበር። እንዲህ ያለ ብዙ ሕዝብ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ አይችልም። በየካቲት 1888 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ስንቁ እየተሟጠጠ ነበር። የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር በአንጻሩ ከምጽዋ በአዲግራት በኩል የሚመጣ የስንቅ መስመር ነበረው፤ ነገር ግን ከጣሊያን ጋር የነበሩት የአጋሜዎቹ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከድተው መንገዱን ማጥቃት ሲጀምሩ መስመሩ አስተማማኝነቱን አጣ። ለባራቲየሪ የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። የካቲት 23 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመድፉ በፊት ሁለቱንም ወገን ይገፋ የነበረው ረኃብ ግን ከሚገባው በታች ይነገርለታል።

ጥያቄው በትክክል ተጽፎ፣ ዕቃውም ሞልቶ፣ ነገር ግን ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1944 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር ከኖርማንዲ ወጥቶ ጀርመኖችን እያሳደደ በፍጥነት ሲገሰግስ ነዳጁና ጥይቱ በባሕሩ ዳርቻ ተከምሮ ቀረ። የባቡር ሐዲዶቹን ከወረራው በፊት ራሳቸው አጋሮቹ በቦምብ አፈራርሰዋቸው ነበር። ኦገስት 30 ቀን የጄኔራል ፓተን ሦስተኛ ጦር 400,000 ጋሎን ነዳጅ ይጠብቅ ነበር፤ የደረሰው 32,000 ያህል ነው። ታንኮቹ የቆሙት በጠላት ኃይል ብቻ አልነበረም።

መፍትሔው ሬድ ቦል ኤክስፕረስ የተባለው የጭነት መኪና መስመር ሆነ። አንዱ መንገድ ለሄያጅ፣ ሌላው ለተመላሽ ብቻ ተለይቶ ለሲቪል ተሽከርካሪ ተዘጋ። ከኦገስት 25 እስከ ኖቬምበር 16 መኪናዎቹ ቀንና ሌሊት ተመላለሱ፤ በከፍተኛው ቀን ወደ 6,000 የሚጠጉ መኪናዎች ከ12,000 ቶን በላይ አደረሱ። ከሾፌሮቹ ሦስት አራተኛው ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በዘር በተከፋፈለው ጦር ውስጥ አብዛኞቹ ጠመንጃ ይዘው እንዲዋጉ ስላልተፈቀደላቸው ወደ ጭነትና ወደ ጉልበት ሥራ የተመደቡ ናቸው። ያ ጦር ወደ ፊት የሄደው በእነሱ እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ይህን ሳያነሱ ስለ ፓተን ብቻ መጻፍ ግፍ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ሁላችንም ቤት ስላለ ዕቃ ላውራ፤ ስለ ጀሪካን። ቅርጹን ያወጡት ጀርመኖች ናቸው፤ እንግሊዞች ከእነርሱ ማርከው ቀዱት፣ ስሙንም ለጀርመኖች ካወጡት "ጄሪ" ከሚለው ቅጽል አገኘ። በ1944 ለግንባሩ ነዳጅ በብዛት የሚታደለው በእነዚህ የብረት ጀሪካኖች ነበር፤ 20 ሊትር ስለሚይዙ አንድ ሰው ሊሸከማቸው ይችላል። ሥርዓቱ ባዶውን መልሰህ ሙሉውን ውሰድ የሚል ነበር። የሚገሰግሰው ወታደር ግን ነዳጁን ገልብጦ ባዶውን መንገድ ዳር ይጥለው፣ አለዚያም ለመቀመጫ ይገለገልበት፣ ጭቃ ላይ ደርድሮ ይራመድበት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ነዳጅ እያለ መያዣው ጠፋ። በመጨረሻ የጦሩ ኃላፊዎች የፈረንሳይን ሕዝብ ለመኑ፤ ለተማሪዎችም ሽልማትና የምስክር ወረቀት ተዘጋጀ፤ ልጆቹም ከየአጥሩ ሥርና ከየጉድጓዱ ጀሪካን እየለቀሙ ያመጡ ጀመር።