«ናምበርስ ማቺንግ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን በአንዲት የ1970 ሸቭሮሌት ሸቬል የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ሙሉ በሙሉ ናምበርስ ማቺንግ ስለሆነች ኦሪጅናልነቷ አያጠያይቅም» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብኩ፤ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ መቁጠር ትቻለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ «ስለሆነች» የምትለዋ ቃል ናት፤ ምክንያቱም የዐረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ ከመጀመሪያው አይወለድም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የአሜሪካ ማስል ካር (ጉልበተኛ ሞተር የተጫነባቸው የድሮ መኪኖች) ሰብሳቢዎች «ናምበርስ ማቺንግ» ሲሉ ቁጥሩ የሚገጥም ማለታቸው ሲሆን፣ የቃሉ ጥብቅ ትርጉም ጠባብ ነው። ሞተሩ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ካምቢዮው ላይ፣ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ቁራጭ ዳሽቦርዱ ላይ ከሚነበበው ሙሉ የሻንሲ ቁጥር ጋር አንድ ነው ማለት ብቻ ነው። ካርቡራተሩ፣ አልተርኔተሩና ዲፈረንሻሉ የዕቃ መለያና የተሠሩበት ቀን እንጂ የመኪናዋ ቁጥር ስለሌለባቸው፣ «እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥሩ ይገጥማል» የሚል ሻጭ ወይ አላያቸውም ወይ ያየውን አልተረዳም። እነሱ የሚመዘኑት በቀናቸው ነው።

ከአገር ቤት ለመጣን ሰዎች ስሕተቱ የሚመነጨው ከልምድ ይመስለኛል። ስም ሲዛወር ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል፤ ከገጠመ ጉዳዩ አለቀ። ያ ማመሳከር የሚመልሰው ግን «ይህች በወረቀቱ ላይ ያለችው መኪና ናት ወይ?» የሚለውን የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ማስል ካር የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ይህን ሞተር ይዛ ወጥታለች ወይ? የሁለት ቁጥሮች መመሳሰል ሁለቱ ቁጥሮች መመሳሰላቸውን ያረጋግጣል፤ መቼና በማን እጅ እንደተመሳሰሉ ግን አይናገርም።

ከሸቬሏ እንነሳ። የ1970 ሸቬል የሻንሲ ቁጥር ዐሥራ ሦስት አኃዝና ፊደል አለው። 13637 ብሎ ከጀመረ ሸቭሮሌት፣ ባለ ቪ8 ማሊቡ፣ ባለ ሁለት በር ስፖርት ኩፔ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሞዴሉ ዓመት፣ የተገጣጠመችበት ፋብሪካ ፊደልና ተራ ቁጥሯ ይመጣሉ። በዚያ ዓመት ኤስኤስ (ሱፐር ስፖርት) የሚባለው በማሊቡ ላይ በትእዛዝ የሚጨመር ጥቅል ስለነበር፣ ባለ 307ቱ (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው) የቤት መኪናና 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ኤልኤስ6 ሞተር የተጫነባት ኤስኤስ 454 ከላይ ባየነው መነሻ አይለዩም። «የሻንሲ ቁጥሯ ራሱ ኤስኤስ ይላል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የሚያወራው ስለ ሌላ ዓመት ነው፤ ከ1966 እስከ 1968 ኤስኤስ 396 የራሷ 138 የሚል መለያ ነበራት። የሚገርመው፣ መለያው በነበረበት በ1966 ኮርቬት ከተባለው የስፖርት መኪና በስተቀር አብዛኞቹ ሸቭሮሌቶች ሞተራቸው ላይ የሻንሲ ቁጥር ቁራጭ አልተመታባቸውም። ስለዚህ የ1966ቷን ኤስኤስ በጥብቅ ትርጉሙ «ናምበርስ ማቺንግ» ማለት አይቻልም፤ የ1970ዋን ማለት ይቻላል፣ ግን ኤስኤስ መሆኗን አያረጋግጥም።

ሰዎች ለምን ይደክማሉ ለሚል፣ በ2014 አንዲት የ1971 ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ ኮንቨርቲብል (ሄሚ የክራይስለር ጉልበተኛ ሞተር ስም ነው፤ ፕሊመዝም የክራይስለር ምርት ናት) በሲያትል ጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተጠርታለች። ሞተሩ ያንን ዋጋ በሚወስንበት ገበያ ውስጥ ጥቂት የብረት ፊደል መምቻና አንድ መዶሻ ውድ መሣሪያ አይደሉም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። በሸቭሮሌት ቪ8 ላይ ቁጥሩ የሚመታው ከቀኙ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ፊት ለፊት፣ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ባለች ጠባብ ጠፍጣፋ ቦታ ነው። ይህች ቦታ ቴስታታው የሚቀመጥበት ፊት ቅጥያ ናት። ፋብሪካው ያንን ፊት የሚያስተካክለው ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ረጅም ባለ ጥርስ መላጊያ ስለነበር፣ ከቁጥሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ትይዩ መስመሮች ይቀራሉ። ሞተሩ ወርዶ ቶርኖ ቤት ሲገባና ፊቱ እንደገና ሲላግ፣ መስመሮቹም ቁጥሩም አብረው ይሄዳሉ። የሚሽከረከረው መቁረጫ በምትካቸው የሚተወው ቅስት ቅስት ምልክት ነው። እንግዲህ ቅስት ባለበት ፊት ላይ ያማረ ቁጥር ካያችሁ፣ ቁጥሩ የመጣው ፊቱ ከተላገ በኋላ ነው።

አሮጌ የብራና መጽሐፍ የመረመረ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። በየጸሎቱ መካከል «ለገብርከ» ከሚለው ቀጥሎ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም አስፍቆ የራሱን ያስጽፋል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ስም ስለተገኘ መጽሐፉ ለዚያ ሰው ተጻፈ የሚል መርማሪ የለም። መጀመሪያ የሚያየው ከስሙ ሥር ያለውን ቆዳ ነው፤ የተፋቀ ብራና ይሳሳል፣ ይሻክራል፣ ቀለም ሲነካው ይሰራጫል፤ ጸሐፊው በወስፌ ወግቶ ያሰመረው መስመርም እዚያ ቦታ ላይ ይደበዝዛል። የእኛ የፋብሪካ መላጊያ መስመር ያ የወስፌ መስመር ነው፤ የፊደሉ አጣጣልም ቁም ጽሕፈቱ ነው። ንጽጽሩ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፦ ብራና ፋቂው የሚፍቀው ስሙን ብቻ ሲሆን ቶርኖ ቤት ግን መላ ፊቱን ይልጋል፤ አዲሱ የመጽሐፍ ባለቤትም ብዙ ጊዜ በስሙ እንዲጸለይለት እንጂ ማንንም ለማታለል አልነበረም።

የፊደል አጣጣሉ ነገር ችላ የሚባል አይደለም። በሸቬሏ ሞተር ላይ የሚገኙት ሁለት ምቶች ናቸው። አንደኛው ሞተሩ በተገጣጠመበት የተመታ ነው፤ ትልልቆቹ ሞተሮች ከቶናዋንዳ፣ ኒው ዮርክ ስለሚመጡ በ«ቲ» ፊደል ይጀምርና ወሩን፣ ቀኑንና የሞተሩን ዓይነት የሚናገሩ ፊደላትን ያስከትላል። ሁለተኛው፣ ማለትም የሻንሲ ቁጥሩ ቁራጭ፣ የተመታው መኪናዋ በተገጣጠመችበት ሌላ ከተማ፣ በሌላ ሠራተኛ፣ በሌላ መምቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በጥልቀት፣ በፊደል ቅርጽና በአሰላለፍ መለያየታቸው የሚጠበቅ ነው። እጅግ የሚያሳስበኝ ሁለቱም እንደ አንድ እጅ ጽሑፍ ሲያምሩ ነው።

አንድ ደንበኛ ያሳየኝን ብሎክ አልረሳውም። ቅባቱን በጨርቅ ሳነሣ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ባለቤቱም ከጎኔ ቆሞ ከዳሽቦርዱ ቁጥር ጋር እያስተያየ አኃዞቹን ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር፤ ሁሉም ገጠሙ። እኔ ግን ወደ ብሎኩ ጎን ዞሬ፣ ብረቱ ቅርጹ ውስጥ ሲፈስ አብሮ የወጣውን ቀን አነበብኩ። የመኪናዋ አካል የተሠራበትን ሳምንት የሚናገረው መለያ ሰሌዳ የካቲት ሦስተኛ ሳምንት ይላል፤ ብሎኩ የፈሰሰው መጋቢት ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ብሎኩ ይፈሳል፣ ከዚያ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ ከዚያ መኪና ላይ ይጫናል። ያልተወለደ ሞተር የያዘች መኪና ከፋብሪካ አትወጣም። ሰውየው አኃዞቹን ሁለተኛ ጊዜ አልቆጠረም።

አንድ በቪዲዮ ሲያስተምር የሰማሁት ሰው «የብሎኩ የፈሰሰ ቁጥር 3963512 ከሆነ ኤልኤስ6 ነው፣ አበቃ» ይላል። አላበቃም። ያው ቁጥር 360 የፈረስ ጉልበት ባለው ኤልኤስ5 ላይም ይገኛል፤ ከትንንሾቹ ሞተሮች ብሎክም 3970010 ለዓመታት በብዙ ዓይነት ሞተሮች ላይ ሠርቷል። የፈሰሰ ቁጥር የቅርጹ መለያ እንጂ የሞተሩ ስም አይደለም። ይኸው ሰው ቀጥሎ «ወረቀት አለኝ» ይላል። የትኛው ወረቀት? ፖንቲያክ ከሆነ የፋብሪካው ደረሰኝ ቅጂ በሻንሲ ቁጥሩ ተፈልጎ ይገኛል፤ ከ1967 ጀምሮ የተሠራ ፎርድም የምርት መረጃው ተጠብቋል። ክራይስለር ሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ ራሱ የሞተሩን ፊደል ያስቀምጣል፤ ኩዳዋ ላይ አምስተኛው ፊደል «አር» ካልሆነ በ1971 ሄሚ አልተጫነባትም። አሜሪካ ውስጥ ለተሸጠ የዚያ ዘመን ሸቭሮሌት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ስለሌለ፣ መቀመጫ ሥር ወይም ነዳጅ ታንክ ላይ የተገኘ የመገጣጠሚያ ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ትልቅ ዋጋ ስላለውም ይቀዳል። ለካናዳ የተሸጡት የተሻለ ዕድል አላቸው፤ የካናዳው ጂኤም (ሸቭሮሌትን የሚሠራው ኩባንያ) መዝገቡን አቆይቷል።

ቶርኖ ቤት የሠራሁ እንደመሆኔ፣ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። የተላገ ብሎክ ሁሉ የአታላይ ብሎክ አይደለም። ቴስታታው በደንብ እንዲቀመጥ ፊቱ መስተካከል ነበረበት፤ በ1980 ፊቱን ሲልግ ቁጥሩን ያጠፋው ሠራተኛ ያየው አሮጌ ሞተር ብቻ ነው። እንዲሁም ቁጥሩ ያለበት ቦታ ላይ «ሲ ኢ» የሚሉ ፊደላት ካገኛችሁ፣ ሞተሩ ብዙ ጊዜ በዋስትና የተተካ ነው፤ መኪናዋ እውነተኛ ኤስኤስ ልትሆን ትችላለች፣ ቁጥሩ ግን አይገጥምም። በተቃራኒው የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳው ከበሰበሰች እውነተኛ ኤስኤስ ተነቅሎ፣ ከእውነተኛ ሞተሯ ጋር ጤነኛ የማሊቡ አካል ላይ ሲጫን፣ ሁሉም ነገር ይገጥማል፣ ምቱም የፋብሪካ ነው፤ መኪናዋ ግን ያቺ አይደለችም። ይህ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ የሚጋለጠውም በሰሌዳው ሳይሆን አካሉና ሻንሲው ላይ በተደበቀ ቦታ በተመቱት ቁራጭ ቁጥሮች ነው። እነሱን ማንም በቀላሉ አያያቸውም፤ አንዳንዶቹ የሚታዩት ዕቃ ተፈትቶ ነው።

ፎቶ ለምትልኩልኝ፦ ቦታውን በቅባት ማስለቀቂያና በጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አድርጉት። የብረት ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት አታስጠጉ፤ ቁጥሩ ይበልጥ ይጠራ እንደሆነ እንጂ እኔ የምፈልጋቸው መስመሮች አይተርፉም።