የሙከራ ሙዚቃ ሸክላ በጅማ

ጅማ ላይ «ሸክላ እሰበስባለሁ» ያለ ሰው «የጀበና ነው የድስት?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የእኛ ወሬ ስለ ሙዚቃ ሸክላ ነው፤ በተለይም የሙከራ ሙዚቃ ስለተቀረጸበት። የሙከራ ሙዚቃ የተለመደውን ዜማና ምት ትቶ ድምፅን ራሱን የሚፈትን ነው። የማሽን ጩኸት፣ የባቡር ኳኳታ፣ ወደ ኋላ የሚዞር ቴፕ ሁሉ ይገባበታል። ጎረቤት ሲሰማው «ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?» ይላል።

ሸክላ ለዚህ ሙዚቃ መያዣ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ውስጥ የባቡር ድምፅ ቀርጾ ሲሠራ የሸክላውን መስመር በክብ ዘጋው። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል፣ ያቺው ድምፅ ትመላለሳለች። የተጫረ ሸክላ ቤቱ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ሼፈርን አራት ዓመት የቀደመው ግን ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብህ ነው። በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ድምፅን በሽቦ ላይ በሚቀርጽ መሣሪያ ቀረጸ፤ ድምፁን እየለዋወጠ አዲስ ሥራ አወጣበት። አዎ፣ ያው እኛ የምናውቀው ዛር። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በየአካባቢያቸው ለየብቻ ይደመጡ የነበሩ ባህላዊ መሣሪያዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ ማጫወት በጊዜው ትልቅ ሙከራ ነበር። እንደ እኔ የአገራችን ሰብሳቢ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ጅማም ድርሻ አላት። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው እዚሁ ነው። ከእንግሊዝና ከቦስተን ትምህርቱ በኋላ በ1966 ኒውዮርክ ላይ ሸክላ አሳተመ። «ሙላቱ ጃዝ እንጂ ምን የሙከራ አለው?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችንን ከምዕራባውያኑ ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ ስምምነት ጋር ሳያበላሹ ማጋባት ሙከራ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው መኩሪያም እዚሁ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በስተርጅና ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ባንድ ጋር ሠርቷል፤ አልበማቸው የወጣው በ2006 ነው።

የአገር ውስጥ ሸክላ ዘመን አጭር ነበር። የማሳተም መብቱ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ያን ጥሶ የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ ካሴት መጣና ሁሉንም ጠራረገው። ዛሬ ኦሪጅናሉ ውድ ነው፤ ብዙውን የውጭ ሰብሳቢዎች ወስደውታል። ስለዚህ አብዛኞቻችን ድጋሚ እትም እንገዛለን። ኦሪጅናል የሚመስል ከተገኘ ሸክላውን ብርሃን ላይ ዘንበል ማድረግ ነው። ከመሃል ወረቀቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረ ቁጥር አለ፤ የትኛው እትም እንደሆነ ለመለየት አንዱ መንገድ እሱ ነው።

የጅማ ሰብሳቢ ዋና ጠላት ዝናብ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ ሽፋኑን ያሻግተዋል። ሸክላ ቆሞ እንጂ ተደራርቦ አይቀመጥም፤ ከግድግዳም ራቅ ማለት አለበት። ሻጋታ የያዘው በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትሎ ይጠረጋል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን የድሮ ሸክላ ግን አልኮል እንዳይነካው፤ ያሟሟዋል። ቡና የሚቆላበት ክፍል ውስጥ ማጫወቻ ማስቀመጥም አይመከርም። ጭሱና ዕጣኑ መርፌው ላይ ይጋገራል። ጅማ ተቀምጦ ይህን ማክበር ግን ከባድ ነው፣ እኔም አላከበርኩትም።

ሌላው ጣጣ መንገዱ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሸክላ አስላክሁ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ጫነው። የጊቤ በረሃ ፀሐይ ያገኘው ሸክላ ጅማ ሲደርስ ጠርዙ ተቆልምሞ ሰፌድ መስሏል። ሁለት ሳምንት ከባድ መጽሐፍ ጫንኩበት፤ ትንሽ ተመለሰ። አሁንም መርፌው ሽቅብ ቁልቁል ይላል፣ ድምፁም አብሮ ይወዛወዛል። እናቴ ከቡናዋ ቀና ብላ «ይሄኛው እንኳ ደህና ነው» አለችኝ።