የኮንትራት ኩረጃ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ «ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩ» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ሌላ ተሳፋሪ ሳይጫን፣ በተስማሙበት ዋጋ፣ እርሱን ብቻ ወደሚፈልገው ቦታ ይወስደዋል ማለት ነው። የኮንትራት ኩረጃም አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተማሪው ራሱ ሊሠራው የሚገባውን አሳይመንት፣ ፕሮጀክት፣ አንዳንዴም የኦንላይን ኮርሱን በሙሉ ከነይለፍ ቃሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው ለእርሱ ብቻ የሚሆን አዲስ ሥራ ይሠራለታል፤ ተማሪው ስሙን ጽፎ ያስገባል። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ይከፈልበታል፤ ይሁን እንጂ ወንድም ለእህቱ ወይም ጓደኛ ለጓደኛው በነጻ ቢሠራውም ነገሩ ያው ነው።

ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ያስተምሩ የነበሩት ሮበርት ክላርክና ቶማስ ላንካስተር ናቸው። ሁለቱ መምህራን የፕሮግራም ጸሐፊዎች እየተጫረቱ ሥራ የሚወስዱበትን አንድ ድረ ገጽ ሲከታተሉ፣ ከወጡት ሥራዎች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራዎች መሆናቸውን አስተዋሉ። ከለመድነው ኩረጃ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። አጤሬራ ይዞ ፈተና የሚገባ ተማሪ ጥፋተኛ ቢሆንም፣ ቢያንስ ደብተሩን ገልጦ፣ ዋና ዋናውን ለይቶ በእጁ ጽፏል። በኮንትራት የሚያሠራው ግን ትምህርቱን ጨርሶ ሳይነካው ያልፋል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ውጤቱ ሳይሆን ይህ ነው።

ድርጊቱን ለመለየት አስቸጋሪ የሚያደርገው ሥራው አዲስ መሆኑ ነው። እንደ ተርንኢቲን ያሉ ሶፍትዌሮች የገባውን ጽሑፍ ቀድሞ ከተጻፉ ጽሑፎች ጋር አስተያይተው ምን ያህሉ እንደሚመሳሰል ይናገራሉ፤ ለአንድ ተማሪ ብቻ ተብሎ ትናንት ማታ የተጻፈ ጽሑፍ ግን ከምንም ጋር ስለማይመሳሰል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ሰው መሆኑ ቀርቶ ማሽን የሚሆንበት ጊዜ በዝቷል። ማሽን የጻፈውን እንለያለን የሚሉ መሣሪያዎች ቢወጡም እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ከአገልግሎት አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በጻፏቸው 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች ላይ ሞክረው፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ድርሰቶች በስህተት «ማሽን የጻፋቸው ናቸው» ማለታቸውን አሳይተዋል። በቤቱ ሲዳምኛ፣ በከተማው አማርኛ እየተናገረ አድጎ በሦስተኛ ቋንቋው በእንግሊዝኛ አሳይመንት የሚጽፍ የሐዋሳ ተማሪ ያለበትን አደጋ ከዚህ መገመት አያዳግትም። ማሽን በሰጠው መቶኛ ብቻ ተማሪን መቅጣት፣ በእኔ እምነት፣ ከኩረጃው የማይተናነስ በደል ነው።

ይህን የምለው እኔም በተመሳሳይ መንገድ ልሳሳት ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ኮሌጅ የስታቲስቲክስ መግቢያ በኦንላይን ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ከየአካባቢያቸው አሥራ ሁለት ቁጥሮች ሰብስበው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን መለኪያ፣ እንዲያሰሉ አዝዤ ነበር። ሥራዎቹን ሳርም የሦስት ተማሪዎች የዎርድ ፋይል ላይ የጸሐፊው ስም አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ ሦስቱም ፋይሎች የተሠሩት በሰላሳ ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ነበር። ማስረጃው ሙሉ መሰለኝ። በኮሌጁ ደንብ መሠረት ሦስቱም ምንም ሳይጠየቁ ዜሮ ሊያገኙ ይችሉ ነበር፤ እኔም ሪፖርቱን ጽፌ ጨርሼ ነበር።

ከመላኬ በፊት ግን ለአንደኛው ደወልኩ፤ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ቀበሌ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። «መምህር፣ እኔ ኮምፒውተር የለኝም፤ በእጄ ጽፌ ኮፒ ቤት ታይፕ ያስደረግሁት ነው» አሉኝ። በማግስቱ ፒያሳ ተገናኘንና ወረቀቱን አሳዩኝ። አምስት ገጽ ባለመስመር ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፤ የኮፒ ቤቷ ልጅ ጥጉ ላይ የገጹን ብዛትና ሒሳቡን በእርሳስ አስፍራለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ የልዩነቶቹን ካሬ ደምረው መጀመሪያ በ12 አካፍለው ነበር፤ ከዚያ ያንን በአንድ መስመር ሰርዘው ከሥሩ በ11 እንደ አዲስ ሠርተውታል። ለምን እንደሰረዙት ብጠይቃቸው፣ ናሙና ሲሆን ከብዛቱ አንድ እንደሚቀነስ ሞጁሉን ደግመው ሲያነቡ እንዳስተዋሉ በራሳቸው አነጋገር አስረዱኝ። በፋይሉ ላይ ያየሁት ስም የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ስም ነበር። ሁለተኛውም ተማሪ እንዲሁ ታይፕ ያስደረገ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛዋ ግን የተለየች ነበረች፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የፋይል መረጃ ጥያቄ ለማንሣት እንጂ ፍርድ ለመስጠት እንደማይበቃ ተረድቻለሁ። ብዙ ተማሪ ላፕቶፕ በሌለበት ከተማ ኮፒ ቤት የመጻፊያ መሣሪያ ነው፤ በዚያው ቤት በር ላይ «አሳይመንትና ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ቢታይም፣ ከውስጥ የሚወጣው ሁሉ የተገዛ ሥራ አይደለም። የቴሌግራም ቻናሎችም ተመሳሳይ አገልግሎት ያስተዋውቃሉ። ወደዚያ የሚሄደው ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለትም አልችልም። መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ማስገቢያው ቀን ያልፍበታል፤ እንግሊዝኛው ይከብደዋል፤ ጥያቄው ካለፈው ዓመት ጋር አንድ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ መምህሩ ራሱ ግድ እንደሌለው ያስባል።

መከላከሉ የሚጀምረውም ከዚህ ከመጨረሻው ነው። በየዓመቱ የማይለወጥ አሳይመንት ለአሠሪውም ለሠሪውም የተመቸ ነው። ተማሪው ከሚኖርበት ሰፈር፣ ከሚሠራበት ቤት መረጃ እንዲያመጣ ሲጠየቅ፣ ሥራው ወደ ገበያ ቢወጣ እንኳ ዋጋው ይወደዳል፣ ጊዜ ይወስዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥራውን በደረጃ መቀበል ነው፤ መጀመሪያ ርዕሱና መረጃው፣ ቀጥሎ በእጅ የተጻፈው ረቂቅ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ በመጨረሻ የታተመው። ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃ የቃል ጥያቄ ይከተላል፤ ለዚህ ቪዲዮ አያስፈልግም፣ ተራ የስልክ ጥሪ ይበቃል። አርባ ተማሪ ያለው መምህር ለአርባ ጊዜ አምስት ደቂቃ ሁለት መቶ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ቀላል ጊዜ ባይሆንም በሳምንት ውስጥ የሚገፋ ነው። ለኩዊዝ ደግሞ ሙድል የተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር የጥያቄ ባንክ አዘጋጅቶ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ጥያቄና የተለያየ ቁጥር ማውጣት ስለሚያስችል፣ መልስ በስልክ መቀባበሉን ያዳክማል።

በካሜራ የሚደረግ ቁጥጥር ብዙ ይወራለታል፤ ለኮንትራት ኩረጃ ግን የሚፈይደው ጥቂት ነው። ካሜራው የሚያየው ፈተና ላይ የተቀመጠውን ሰው እንጂ አሳይመንቱ ባለፈው ሳምንት የት እንደተሠራ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ለሚኖር ተማሪ ቤቱን በካሜራ ዞሮ እንዲያሳይ ማዘዝም ክብሩን ይነካል። በአሜሪካ ኦሃዮ አንድ የፌደራል ዳኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድን ተማሪ ከፈተና በፊት ክፍሉን በካሜራ እንዲያሳይ ማድረጉን ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ፍተሻ ነው ብለው ወስነዋል።

ሕግ ያወጡ አገሮች በአብዛኛው ያነጣጠሩት በሻጩ ላይ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 ለተማሪ አሳይመንት ሠርቶ መሸጥንና ማስተዋወቅን ወንጀል አድርገዋል። በእኛ አገር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና አሳይመንቱን በሰው ያሠራን ተማሪ ብቻውን ያጋፍጠዋል፤ ያ የሚሆነው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ማስተማሪያው ጊዜ ካለፈ ወዲህ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ እዚያው ኮርሱ ውስጥ፣ ትኩስ እንዳለ ቢነሣ ይሻላል። ሲነሣም ተማሪው አስቀድሞ ምን እንደተጠረጠረ ይነገረው፣ ረቂቁን የማቅረብ ዕድል ያግኝ፣ ስለ ራሱ ሥራ ይጠየቅ፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋውንና ልማድ ያደረገውን የሚለይ ይሁን።

ሦስተኛዋ ተማሪ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠራ ወጣት ነበረች። «ለምን በ11 አካፈልሽ?» ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች። ቁጥሮቹን ከየት እንዳመጣቻቸው ስጠይቃት «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ወረቀቱን ሳላየው ነው የላክሁት» አለችኝ። ሪፖርቱን በእርሷ ላይ ብቻ ጻፍኩ፤ በራሷ ያመነች በመሆኑ ዜሮው ቀርቶ ከግማሽ ውጤት በማይበልጥ እንደገና እንድትሠራ ጠየቅሁላት፤ ተፈቀደም። አሥራ ሁለት ቀን ሰርቪስ የጠበቀችበትን ደቂቃ እየመዘገበች ቆየችና አንድ እሑድ ከሰዓት ደወለች። በ12 አካፍላው ነበር፤ ሞጁሉ በ11 እንደሚል አይታለች፣ ምክንያቱ ግን አልገባትም። ስልኩን ሳንዘጋ ከሃያ ደቂቃ በላይ በእርሱ ላይ ቆየን።