ከጭነት መኪና አደጋ በኋላ፦ ስለ ኢንሹራንስ የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

ሰውዬው ገና ሆስፒታል ተኝቷል። ስልኩ ይጮኻል። የገጨው የጭነት መኪና ኢንሹራንስ ነው። ብዙ ሰው ካሳውን የሚያበላሸው በዚህችው የመጀመሪያ ሳምንት ነው። መታገስ ያለበት ቦታ ላይ ይቸኩላል፣ መቸኮል ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ይታገሳል። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ ልመልስ።

"የደወለልኝ ሰው ጥሩ ሰው ነው፤ ሊረዳኝ ነው"

ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ደመወዙን የሚከፍለው የትራኩ ኢንሹራንስ ነው። የተቀጠረውም የኩባንያውን ኪስ እንዲጠብቅ እንጂ የእናንተን ጉዳት እንዲያስታምም አይደለም።

ንግግሩ ብዙ ጊዜ ይቀረጻል። እዚህ ላይ የሰላምታ ልማዳችን ይጎዳናል። "እንዴት ነህ?" ሲሉት እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ያቺ "ደህና ነኝ" ከወራት በኋላ "በማግስቱ ደህና ነኝ ብሎን ነበር" ተብላ ትመለሳለች። "ይቅርታ፣ አላየሁትም ነበር" ማለትም እንደዚያው ነው። በድንጋጤ የተባለ ቃል ጥፋትን እንደማመን ይቆጠራል።

ሁለቱን ኢንሹራንሶች ለዩ። ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ጋር ውል አላችሁ። አደጋውን ቶሎ ማሳወቅና መተባበር ግዴታችሁ ነው። ይህን ችላ ካላችሁ የራሳችሁንም ሽፋን ልታጡ ትችላላችሁ። ከትራኩ ኢንሹራንስ ጋር ግን ምንም ውል የላችሁም። ስማችሁን፣ አደጋው የደረሰበትን ቀንና ቦታ ንገሩትና "ሌላውን በጽሑፍ እመልሳለሁ" በሉ። ይህን ማለት ነውር የለውም።

"ፖሊስ መጥቶ መዝግቧል፤ ማስረጃው የትም አይሄድም"

ሰው በጣም የሚጎዳው በዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የፖሊስ ሪፖርት የሚነግራችሁ አስፋልቱ ላይ የታየውን ነው። የጭነት መኪና አደጋ ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከአስፋልቱ ርቆ ይገኛል። ሹፌሩ ሳያርፍ ስንት ሰዓት ነዳ? ፍሬኑ መጨረሻ የታየው መቼ ነው? ጭነቱ ከልክ በላይ ነበር ወይ? በደንብ ታስሯል ወይ? እነዚህን የሚመልሱት መዝገቦች ያሉት በትራኩ ባለቤት እጅ ነው።

የሰዓቱን ነገር እንይ። በአሜሪካ ጭነት የሚያጓጉዝ ሹፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው ቢበዛ 11 ሰዓት ነው። በአውሮፓ ኅብረት የቀኑ ገደብ 9 ሰዓት ሲሆን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ወደ 10 ከፍ ይላል፤ አራት ሰዓት ተኩል የነዳም 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ይህ የሚታወቀው በታኮግራፍ (መኪናው ላይ ተገጥሞ የመንዳትና የዕረፍት ሰዓትን በሚመዘግብ መሣሪያ) ወይም በኤሌክትሮኒክ የሰዓት መዝገብ ነው። ሹፌሩ ከገደቡ አልፎ ከነበረ ጉዳዩ ከአንድ ሰው ስሕተት ይወጣል። እንዲህ ያሠራው ድርጅትም ይጠየቃል።

መዝገቡ ግን ለዘላለም አይቀመጥም። የአሜሪካ ሕግ ድርጅቱን የሚያስገድደው የሰዓት መዝገቡን ለ6 ወር ብቻ እንዲያቆይ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ዕድሜ አለው። በብዙ ዘመናዊ ትራኮች ላይ ከግጭቱ በፊት የነበረውን ፍጥነትና ፍሬን የተያዘበትን ቅጽበት ይይዛል። መኪናው ተጠግኖ ሥራ ከጀመረ ግን አዲሱ መረጃ በአሮጌው ላይ ሊጻፍበት ይችላል። የካሜራ ቅጂም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እዚህ ጋ ቸኩሉ። ለድርጅቱም ለኢንሹራንሱም ቀን ያለበት ደብዳቤ ይጻፍ፦ የሞተሩን መረጃ፣ የሰዓት መዝገቡን፣ የጥገና ወረቀቱን፣ የጭነቱን ሰነድና የካሜራውን ቅጂ እንዳታጠፉ፣ መኪናውንም ሳይመረመር እንዳትጠግኑ የሚል። ጠበቃ ቢጽፈው የበለጠ ይሰማል። ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ማስረጃው ቢጠፋ መልስ መስጠት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

"ተጠያቂው ሹፌሩ ነው፣ በቃ"

አንድ ትራክ ላይ ብዙ እጅ አለ። ጎታቹ የአንዱ፣ ተሳቢው የሌላው ሊሆን ይችላል። ጭነቱን የጫነው ሌላ፣ ፍሬኑን የጠገነው ሌላ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ኢንሹራንስ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱም ወደ ሌላው ይጠቁማል። አንዱ "እኛን አይመለከትም" ስላላችሁ ጉዳዩ አልተዘጋም። በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁት፣ ከዚያ ቀጣዩን ጠይቁ።

"ቼኩን ልቀበልና የቀረውን በኋላ እጠይቃለሁ"

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከቼኩ ጋር የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ "ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለኝም" ይላል። ከፈረማችሁ በኋላ ወገባችሁ ቀዶ ጥገና ቢፈልግ ወጪው የራሳችሁ ነው። የአከርካሪ ዲስክና የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ በሳምንታት ውስጥ እየባሰ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ "ከዚህ በላይ የሚለወጥ ነገር የለም" ወይም "ወደፊት ይህን ያህል ሕክምና ያስፈልገዋል" እስኪል ጠብቁ። የመኪናችሁን ጉዳት ለይቶ መጨረስ ይቻላል፤ ወረቀቱ ስለ መኪናው ብቻ እንደሚናገር ግን ቃል በቃል አንብቡ።

ችግር ላይ ላለ ቤተሰብ "ጠብቁ" ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ኢንሹራንሱ የሚያቀርበው የመጀመሪያው የካሳ ዋጋ ቶሎ የሚመጣው።

"ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ገንዘብ አያልቅበትም"

ኢንሹራንሱ የሚከፍለው እስከ ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ጣሪያ ድረስ ነው። በአሜሪካ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ተራ ጭነት ለሚያመላልስ ከባድ መኪና ዝቅተኛው የግዴታ ሽፋን 750,000 ዶላር ነው፤ በጣም አደገኛ ለሆኑ ጭነቶች 5 ሚሊዮን ይደርሳል። ብዙ ይመስላል። የ750,000ው ገደብ ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተወሰነ ነው። በአንድ አደጋ አምስት ሰው ከተጎዳ ደግሞ ያንኑ ይካፈላል። ስለዚህ የፖሊሲው ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ተጨማሪ ፖሊሲም እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ። የራሳችሁንም ፖሊሲ አውጥታችሁ እዩት።

"እኔም ትንሽ ጥፋት ስላለብኝ ምንም አይገባኝም"

በብዙ አገሮች ካሳው በጥፋታችሁ ልክ ይቀነሳል እንጂ አይጠፋም። 20 በመቶ ጥፋት ያለበት ሰው 80 በመቶውን ሊያገኝ ይችላል። ጥብቅ የሆኑ ሕጎችም ስላሉ የአካባቢያችሁን ሕግ ጠበቃ ጠይቁ። የጥፋቱን መጠን ግን የትራኩ ኢንሹራንስ ብቻውን አይወስንም።

"እየተደራደርን ስለሆነ ጊዜው አያልፍብንም"

ሕጉ የይርጋ ጊዜ አለው፤ ይህ ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ ነው። በስልክ መነጋገር ብቻውን ይርጋውን አያቆመውም። "ፋይልህ እየታየ ነው" እየተባለ ወር ወርን ሲተካ፣ አንድ ቀን "ጊዜው አልፏል" የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። የመጨረሻውን ቀን ዛሬውኑ ከጠበቃ ጠይቁና የሕክምና ደረሰኝ በምታስቀምጡበት ፋይል ላይ በትልቁ ጻፉት። ከስሩም ማን እንደደወለ፣ መቼ እንደደወለና ምን እንዳለ መዝግቡ።